የአሜሪካ መንግሥት በቱሉ ዲምቱ፦ ስለ አንድ የመግቢያ ኮርስ

በ2014 ዓ.ም. ቦሌ ለሚ በሚገኝ አንድ የልብስ ፋብሪካ የኤክስፖርት ሰነድ አዘጋጅ ሆኜ እሠራ ነበር። ወደ አሜሪካ የሚላከው ሸሚዝ አጎዋ በሚባለው ለአፍሪካ አገሮች በወጣው የአሜሪካ ሕግ ከቀረጥ ነጻ እንዲገባ የስሪት አገር ምስክር ወረቀቱን የምሞላውና ከካርቶኖቹ ቁጥር ጋር የማመሳክረው እኔ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አለቃችን ወደ ቢሮ ገብተው «በቃ፣ አሜሪካ ከአጎዋ አስወጣችን» አሉን። «ማን ነው ያስወጣን?» ብዬ ስጠይቃቸው ቀና ብለው «አሜሪካ ነዋ!» አሉኝ፤ እኔም በዚያን ጊዜ ከዚህ የተሻለ መልስ ሊኖር እንደሚችል አላሰብኩም። ከጥቂት ወራት በኋላ ትዕዛዝ እየቀነሰ ሄዶ ከሥራ ተሰናበትኩ። በሰፈሬ አንድ የግል ኮሌጅ ስለ አሜሪካ ብሔራዊ መንግሥት አሠራር የመግቢያ ኮርስ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጥፎ ባየሁ ጊዜ የተመዘገብኩት ያችን ያልተመለሰች ጥያቄ ይዤ ነው። ስለዚህ ኮርሱን የምመዝነው በአብዛኛው በእሷ ሚዛን መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል።

ኮሌጁ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ፣ ምድር ቤቱ የቀለምና የሴራሚክ መሸጫ በሆነ ሕንፃ ሁለቱን የላይኛ ፎቆች ተከራይቶ ይሠራል። ስሙን አልጠቅስም፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ጉድለቶች በከተማ ዳር ባሉ ብዙ የግል ኮሌጆች የሚታዩ ስለሆኑ በአንዱ ላይ ብቻ ማላከክ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ኮርሱ የተዘጋጀው ውጭ አገር ለመማር ለሚያስቡ ወጣቶች ቢሆንም ለማንኛውም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላጠናቀቀ ሰው በነጠላ ክፍት ነው። 16 ሳምንታት የሚወስድ ሲሆን ትምህርቱ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ጠዋት ይሰጣል። የከፈልኩት 7,200 ብር ነው፤ ለምዝገባ ደግሞ 400 ብር ተጨምሮበታል። ከአቃቂ፣ ከገላን ወይም ከኮዬ ፈጬ ለሚነሣ ሰው ስድስት ኪሎ ድረስ ሄዶ መማር ግማሽ ቀን በታክሲ ሰልፍ ማቃጠል መሆኑ ሲታሰብ፣ ቅርበቱ ብቻውን ከዋጋው የተወሰነውን ያካክሳል።

የመማሪያ ክፍሉ ግን ለእንዲህ ዓይነት ንግግርና ክርክር የበዛበት ትምህርት የተመቸ አይደለም። መስኮቶቹ የሚያዩት ወደ አንድ የብሎኬት ማምረቻ ግቢ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑ ሥራ ላይ ስለሚሆን፣ በኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ስለ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን የሚሰማው በየሦስተኛው ቃል ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚያገለግለው የገንዘብ ክፍሉን ብቻ መሆኑ ደግሞ ለተማሪው የሚያስተላልፈው የራሱ መልእክት አለው። ቤተ መጻሕፍት ተብሎ የተሰየመው ክፍል ውስጥ ለዚህ ኮርስ የሚሆን አንድም መጽሐፍ አላገኘሁም። በምትኩ የተሰጠን ፎቶ ኮፒ የተደረገ ጥራዝ ሲሆን፣ ጥራዙ ከፕሬዚዳንቱ ሥር ያሉት ዋና ዋና የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች 14 እንደሆኑ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ሕግ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ ወዲህ ቁጥሩ 15 ደርሷል፤ ስለዚህ ጥራዙ የተጠናቀረው ከክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹ ከመወለዳቸው በፊት መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ አስችሎ የሚያስቀምጠው መምህሩ ናቸው። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምረው አሁን በየኮሌጁ በትርፍ ሰዓት የሚሠሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጠመኔ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ያወጡት ደንብ አንድ ብቻ ነበር፦ በዚህ ክፍል ውስጥ «አሜሪካ አለች»፣ «አሜሪካ ወሰነች» ብሎ መናገር ክልክል ነው። የተናገረ ሰው ቆሞ ማን እንዳለ፣ ማን እንደወሰነ፣ በየትኛው ሥልጣን እንደሆነ አስተካክሎ እንዲናገር ይገደዳል። እኔ ደንቡን ስሰማ የድሮው አለቃዬ ትዝ አሉኝና ፈገግ አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ግን እኔም ራሴ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ።

ደንቡ ምን ያህል ፍሬ እንዳለው የገባኝ ስለ ሕግ አወጣጥ በተማርንባቸው ሁለት እሑዶች ነው። በጥራዙ ላይ ረቂቅ ሕግ ከኮሚቴ ወደ ምክር ቤት፣ ከምክር ቤት ወደ ሌላው ምክር ቤት፣ ከዚያም ወደ ፕሬዚዳንቱ የሚሄድበት በቀስት የተሞላ ሥዕል አለ። መምህሩ ሥዕሉን ትተው ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥሮችን ጻፉ፤ 128 እና 6600። በክፍሉ ውስጥ ሁለቱን ቁጥሮች የማያውቅ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ሁኔታ ላይ ያጸደቀው ነው፤ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ቀርቦ በአዲስ አበባም በውጭም ብዙ ሰልፍና ብዙ ክርክር ያስነሣው ነው። መምህሩ «ከሁለቱ የትኛው ሕግ ሆነ?» ብለው ጠየቁን። ከሠላሳ አንዳችን አብዛኞቹ የመጀመሪያው ሕግ እንደሆነ በእርግጠኝነት ተናገርን፤ ስለ ሁለተኛው ደግሞ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ።

መልሱ ሁለቱም ሕግ አልሆኑም የሚል ነበር፤ ያልሆኑበት ምክንያት ግን የተለያየ ነው። 128 ቁጥር የአንዱ ምክር ቤት የአቋም መግለጫ ብቻ ስለሆነ ወደ ሴኔት አይሄድም፣ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ አይቀርብም፣ በማንም ላይ አስገዳጅነት የለውም። ስለዚህ «ጸደቀ» መባሉ እውነት ሆኖ ሳለ «ሕግ ሆነ» መባሉ ስሕተት ነበር። 6600 በተቃራኒው እውነተኛ ረቂቅ ሕግ ነበረ፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች በአንድ ዓይነት ቃል ቢያጸድቁትና ፕሬዚዳንቱ ቢፈርሙበት ኖሮ ሕግ በሆነ ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ አንድ ኮንግረስ (ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድነት የሚጠሩበት ስም ነው) የሚቆየው ሁለት ዓመት ነው፤ ዘመኑ ሲያበቃ ያልጸደቀ ረቂቅ ሁሉ አብሮት ይሞታል፤ የዚያ ኮንግረስ ዘመን እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 2023 ሲያበቃ 6600ም አብሮ አበቃ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ወደ ሥዕሉ ተመልሰው፣ እያንዳንዱ ቀስት በእውነቱ የረቂቅ መቀበሪያ እንደሆነ አሳዩን። ብዙው ረቂቅ ከኮሚቴ አይወጣም። ከወጣም በሴኔት ውስጥ ንግግርን በማራዘም የሚደረገውን ማደናቀፍ ለማቋረጥ ከ100 ሴናተሮች የ60ዎቹ ድምፅ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አልፎ ቢሄድ እንኳ ፕሬዚዳንቱ እሑድ ሳይቆጠር በ10 ቀናት ውስጥ መልሰው ሊልኩት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ምክር ቤቶች በየበኩላቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልሻሩባቸው ረቂቁ እዚያው ይቀራል።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የትራንዚት ሠራተኛ «እና መምህር፣ ያ ሁሉ ሰልፍ በከንቱ ነበራ?» ብላ ጠየቀች። መምህሩ ጥያቄዋን አላጣጣሉትም። የተወካዮች ምክር ቤት አባላት 435ቱም በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ የሚቀርቡ በመሆናቸው፣ የመራጩ ስልክና ሰልፍ ከአንድ ሴናተር የስድስት ዓመት ወንበር ይልቅ በእነሱ ላይ ቶሎ እንደሚሰማ፣ ሁለቱን ምክር ቤቶች እንዲህ አድርገው የቀረጹት ሰዎችም አንዱ ለሕዝብ ስሜት ቅርብ፣ ሌላው ራቅ ያለ እንዲሆን አስበው እንደነበረ አስረዷት። ስለ ሰልፉ ጥቅም ግን ፍርድ አልሰጡም፤ ያን ለእኛ ተዉት። ይህ ልማዳቸው አንዳንዱን ተማሪ ያበሳጨው ነበር፤ እኔ ግን ወድጄላቸዋለሁ።

የእኔ ጥያቄ የተመለሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የኮንግረስና የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን የሚገናኙበትን ክፍል ስንማር ነው። በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ አንቀጽ ስምንተኛ ክፍል መሠረት ከውጭ አገሮች ጋር የሚደረግን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን የኮንግረስ ነው። ኮንግረስ በዚህ ሥልጣኑ እ.ኤ.አ. በ2000 አጎዋን በሕግ አወጣ፤ በ2015 ደግሞ እስከ መስከረም 2025 አራዘመው። ሕጉ ታዲያ የትኛው የአፍሪካ አገር በየዓመቱ ተጠቃሚ ሆኖ እንደሚቀጥል የመወሰኑን ሥራ ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል፤ ፕሬዚዳንቱም የሚመዝኑባቸውን መስፈርቶች፣ ከእነሱም መካከል ሰብአዊ መብትን፣ ሕጉ ራሱ ይዘረዝራል። ኢትዮጵያ ከማሊና ከጊኒ ጋር እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የወጣችው ኮንግረስ ድምፅ ሰጥቶባት ሳይሆን ፕሬዚዳንቱ በዚህ በተሰጣቸው ሥልጣን ባወጡት አዋጅ ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 2021፣ ከሰሜኑ ጦርነት ጋር በተያያዘ ማዕቀብ ለመጣል መንገድ የከፈተው ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝም እንዲሁ ኮንግረስ በ1977 ባወጣው ሕግ ላይ የቆመ ነበር።

ያን ቀን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር «ያስወጡን ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ የማስወጫውን ቁልፍ ያበደረቻቸው ግን ኮንግረስ ናት» የሚል ነው። ከአራት ዓመታት በፊት ይህን ባውቅ ኖሮ ሥራዬ አይተርፍልኝም ነበር። ቢሆንም የፋብሪካው አስተዳደር ለማን ደብዳቤ ይጻፍ እያለ ሲከራከር፣ ገሚሱ ለሴኔት፣ ገሚሱ ለኤምባሲ ሲል፣ ቢያንስ ውሳኔው የተሰጠበትን በር ለይቼ አሳያቸው ነበር። ፍርድ ቤት ቢከሰስስ ብዬ ጠይቄያለሁ። መምህሩ የአሜሪካ ፌደራል ፍርድ ቤቶች ክርክር ሳይቀርብላቸው ምክር እንደማይሰጡና ከሳሹ በራሱ ላይ የደረሰ ጉዳት ማሳየት እንዳለበት ብቻ ነግረውኝ፣ የቀረውን ወደ ፍርድ ቤቶች ክፍል አሻገሩት።

የፍርድ ቤቱ ክፍል በእኔ ግምት የኮርሱ ምርጥ ክፍል ነው። ለዚህም ምክንያቱ ከእኛው ሕገ መንግሥት ጋር ጎን ለጎን መነበቡ ነው። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 83 የሕገ መንግሥት ክርክር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል፤ ጉዳዩን አጣርቶ የሚያቀርብለትም 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። በአሜሪካው ሕገ መንግሥት ውስጥ ግን ፍርድ ቤት የኮንግረስን ሕግ ሊሽር ይችላል የሚል ዓረፍተ ነገር ብንፈልግ አጣን። መምህሩ ሆን ብለው ለአንድ ሳምንት አስፈለጉን፤ ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. የ1803ቱን የማርበሪ ጉዳይ አመጡ። ሥልጣናቸውን ሊለቁ የነበሩት ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ዊሊያም ማርበሪን በአነስተኛ የዳኝነት ሥራ ላይ ሾሙት። የሹመት ወረቀቱ ተፈርሞና ታትሞ ሳለ ሳይደርሰው ቀረ፤ አዲሱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ማዲሰንም አልሰጥም አለ። ወረቀቱን በጊዜው ሳያደርስ የቀረው የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ማርሻል ነበር፤ ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ የፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው ይኸው ማርሻል ነው። ክፍሉ በዚህ ላይ ሳቀ፤ በእኛ አገር ቢሆን ዳኛው እንዲነሣ የሚጠይቅ አቤቱታ በነጋታው ይገባ ነበር ያለም አልጠፋ።

ማርሻል የሰጠው ፍርድ ተንኮልም ብልኃትም ያለበት ነው። ማርበሪ ወረቀቱ እንደሚገባው አመነ። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ትዕዛዝ በቀጥታ እንዲሰጥ የሚፈቅደው የ1789 ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለሚጋጭ ሥልጣን የለኝም አለ። ማርበሪ ሹመቱን አላገኘም፤ ፍርድ ቤቱ ግን አነስተኛዋን ሥልጣን በመተው ትልቋን፣ ማለትም ሕግ የመሻርን ሥልጣን፣ ለራሱ አስቀረ። ከዚያ ጋር አያይዘው መምህሩ የዳኞቹ ቁጥር ዘጠኝ መሆኑም በሕገ መንግሥቱ የለም አሉን። በመጀመሪያ ስድስት እንደነበሩ፣ ዘጠኝ ሆነው የጸኑትም እ.ኤ.አ. ከ1869 ወዲህ በተራ ሕግ እንደሆነ ስንሰማ፣ እንደ ተራራ የጸና ይመስለን የነበረው ነገር ምን ያህል በልማድ ላይ እንደቆመ ተረዳን።

በክፍሉ ውስጥ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ነበሩ። በዚህ ክፍለ ጊዜ እጃቸውን አውጥተው፣ የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር እጁ እንደነበረበት አስታወሱን። ቀጥለውም ዛሬ በአማርኛ ዜና የአሜሪካን ሴኔት «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት»፣ የተወካዮቹን ደግሞ «የሕግ መምሪያ ምክር ቤት» የምንልበት ቋንቋ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ፓርላማ የተወረሰ መሆኑን ነገሩን። የእኛ የሕግ መወሰኛ አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ሽማግሎችና መኳንንት ስለነበሩ ቃሉ ለአሜሪካኖቹ ሴናተሮች አይገባም ብዬ ልከራከር ስል፣ መምህሩ ቀድመውኝ የአሜሪካ ሴናተሮችም እ.ኤ.አ. እስከ 1913 ድረስ በየክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት እንጂ በቀጥታ በሕዝብ አይመረጡም ነበር አሉ። ጋሼም ረክተው ተቀመጡ። ይህ ዓይነቱ ልውውጥ በጥራዙ ውስጥ የለም፤ ወደ ክፍል የመጣ ሰው ብቻ የሚያገኘው ነው።

የፕሬዚዳንት ምርጫው ትምህርት ያለፈው በአንድ ከሰዓት ቢሆንም ማንም የሚረሳው አይመስለኝም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር መምህሩ በዕረፍት ሰዓት ቡና ወይስ ሻይ ይፈላ ብለው በድምፅ እንድንወስን አደረጉን። ክፍሉን በመደዳው ለሦስት «ክፍለ ግዛት» ከፈሉት፤ ሁለቱ 11፣ 11 ሰው፣ ሦስተኛው 9 ሰው ነበራቸው። በየመደዳው ያሸነፈ የመደዳውን ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል ተባለ። በሁለቱ ትልልቅ መደዳዎች ሻይ 6 ለ5 አሸነፈ፤ በሦስተኛው ዘጠኙም ቡና አሉ። በራስ ቢቆጠር ቡና 19፣ ሻይ 12 ነው፤ በመደዳ ሲቆጠር ግን ሻይ 22 ለ9 አሸነፈ። ቡና በሚጠጣበት አገር ሻይ ሲፈላ ያየው የክፍሉ ሰው ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2016 በአገር አቀፍ ድምር ያነሰ ድምፅ ያገኘ ዕጩ እንዴት ፕሬዚዳንት እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። እውነተኛው ሥርዓት 538 ድምፆች እንዳሉት፣ ለማሸነፍ 270 እንደሚያስፈልግ፣ ሜይንና ኔብራስካ ደግሞ ድምፃቸውን ጠቅልለው እንደማይሰጡ ከሻዩ ጋር ተነገረን።

ቋንቋን በተመለከተ አንድ ቅሬታ አለኝ። ጥራዙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ገለጻው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይቀላቀላል፤ የቃላት መፍቻ ግን የለም። ይህ ጥቃቅን ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአማርኛ «መንግሥት» ስንል አገሩንም፣ ሥርዓቱንም፣ ሥልጣን ላይ ያለውን አካልም በአንድ ቃል እንጠራለን። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 መጀመሪያ ለ35 ቀናት «የአሜሪካ መንግሥት ተዘጋ» መባሉን ሲሰማ፣ አንድ የክፍል ጓደኛችን ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን የወረዱ መስሎት ነበር። የሆነው ኮንግረስና ፕሬዚዳንቱ በበጀት ሕግ ስላልተስማሙ የተወሰኑ መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡት ገንዘብ ማጣታቸው ነው፤ ሠራዊቱና ለሕይወት አስፈላጊ የሆኑ ሥራዎች አይቆሙም። ሁለት ገጽ የቃላት መፍቻ ቢዘጋጅ እንዲህ ያለው መደናገር ግማሹ ይጠፋ ነበር። እኔ ለራሴ የያዝኩትን ዝርዝር ለኮሌጁ በነጻ ልሰጥ ብጠይቅ ሬጅስትራሩ «ለዲን አመልክት» አለኝ፤ ዲኑን በ16 ሳምንታት ውስጥ አንድም ቀን አላገኘኋቸውም።

ከዚህ የከፋው ጉድለት የጊዜ አመዳደብ ነው። ስለ ሕገ መንግሥቱ አወጣጥ፣ በፊላደልፊያ ስለተሰበሰቡት 55 ልዑካንና እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 1787 ስለፈረሙት 39ኙ፣ አራት ሳምንታት ሙሉ ተማርን። ስለ ፓርቲዎች፣ ስለ መገናኛ ብዙኃን፣ ስለ ጉዳይ አስፈጻሚዎችና ስለ መሥሪያ ቤቶች ቢሮክራሲ የተማርነው ግን ሁሉንም በመጨረሻው ቅዳሜና እሑድ ነው። የውጭ መንግሥታት የሚቀጥሯቸው ጉዳይ አስፈጻሚዎች እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ መመዝገብ እንዳለባቸው፣ ምዝገባውም ለሕዝብ ክፍት እንደሆነ የሰማነው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው። ለእኛ ከፊላደልፊያው ሙቀት ይልቅ ይህ ይጠቅመን ነበር። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ተራድኦ ድርጅት ሲታጠፍ ከሥራ የወጣች ጓደኛችን፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ትዕዛዝ የተቋቋመና በ1998 ኮንግረስ በሕግ ራሱን የቻለ ተቋም ያደረገውን ድርጅት አንድ ፕሬዚዳንት በ2025 እንዴት ሊያፈርሰው ቻለ ብላ ጠየቀች። ኮርሱ ሲጀመር ጀምሮ የምትጠብቀው ጥያቄ ይህ ነበር። መምህሩ በፍርድ ቤት ክርክር እንደተነሣበት ተናግረው የሁለቱን ወገን ነጥብ ሊዘረዝሩ ሲጀምሩ የሚቀጥለው ክፍል ተማሪዎች በር ላይ ቆሙ። ልጅቷ በደረጃው ላይ እየወረደች ያለችውን አልጽፈውም።

ፈተናው ደግሞ ትምህርቱን አይመስልም። ስድሳ የምርጫ ጥያቄዎች የያዘ ሲሆን የሚያዘጋጀው መምህሩ ሳይሆን ኮሌጁ ነው። የሴናተሮች ቁጥር ስንት ነው፣ የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያዎች ቁጥር ስንት ነው፣ የፕሬዚዳንቱ ዝቅተኛ ዕድሜ ስንት ነው እያለ ይቀጥላል። 100፣ 27፣ 35 ብዬ ሞልቼ ወጥቻለሁ፤ ያገኘሁትም ጥሩ ውጤት ነው። ነገር ግን 128 ለምን ሕግ እንዳልሆነ የሚጠይቅ አንድም ጥያቄ አልነበረም፤ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን ቁጥር በሚጠይቀው ላይ ደግሞ ከአራቱ አማራጮች 15 የሚል አልነበረም። ጥራዙን አምኜ 14ን አከበብኩ፤ ነጥቡንም አገኘሁ፤ እስከ አሁን ግን ይከነክነኛል።

ለመመዝገብ ለሚያስብ ሰው የምለው ይህ ነው። በምዝገባ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ «ክሬዲቱ አሜሪካ ይዛወራል» ትላለች፤ ይህን ማንም ሰው በቃል ብቻ እንዳይቀበል እመክራለሁ። ከሌላ ኮሌጅ የመጣን ክሬዲት መቀበልና አለመቀበል የተቀባዩ ኮሌጅ ውሳኔ ነው። ቪዛ የሚጠብቅ አንድ የክፍል ጓደኛችን ሊማርበት ላሰበው ኮሌጅ ኢሜይል ጽፎ፣ ኮርሱን ቆጥረው እንደማይቀበሉት የተነገረው ትምህርቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ ገንዘቡም አልተመለሰለትም። ዲግሪ የማይፈልግ፣ ዜና ሲሰማ ማን ምን እንዳለ ለይቶ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን፣ በተለይ በላኪና አስመጪነት፣ በትራንዚት፣ በትርጉም ወይም በጋዜጠኝነት ሥራ ላይ ያለ ከሆነ፣ 7,200 ብሩን አያዝንበትም። እኔ አላዘንኩበትም።

የሚቀጥለው ዙር ከፋሲካ በኋላ ይጀመራል ተብሏል። ከመክፈልዎ በፊት የሚያስተምሩት እኚሁ መምህር መሆናቸውን ጠይቀው ያረጋግጡ፤ ለሌላ መምህር ከተሰጠ የሚቀርልዎ ጥራዙ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሆነ ከብሎኬት ማምረቻው ማዶ፣ በበሩ በኩል ካለው መደዳ ከፊት ይቀመጡ። የእኔ የምስክር ወረቀት ገና አልወጣም፤ ማኅተም የሚያደርጉት ሰው ፈቃድ ላይ ናቸው ከተባልኩ ስድስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ።